ሻጩም እንግዳ ነው

በጥንታዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሰፊ የቤተሰብ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ማስታወቂያው የሚለው የታወቀ ነው፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ሰገነቱ ወደ ባሕር እንደሚያይ፣ ግንቡ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል። ከሽያጩ በኋላ በዚያ ቤት ማን ውሎ እንደሚያድር ግን አይናገርም። ሻጩም ደላላውም ይህን የገዢው የግል ጉዳይ አድርገው ያልፉታል። እኔ ጥያቄው በመጀመሪያ የሻጩ ነው፣ ከዋጋም መቅደም አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ቤቱን የሚሸጥ ሰው የመሸጥ መብት አለው፤ ሃይማኖትም ሕግም ይህን መብት ያውቁለታል። መብቱ ግን በቤቱ ለተወሰነ ዘመን የተቀመጠ ሰው መብት ነው። ከእሱ በፊት የኖሩ ነበሩ፤ ከእሱም በኋላ የሚኖሩ አሉ። እነዚህን ሳያስብ ከፍ ያለ ዋጋ ለጠራ ሁሉ አሳልፎ የሚሰጥ ሻጭ፣ ሕግ ባይከሰውም ከበደል ነጻ አይሆንም።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ እንያዝ። ላሙ በሰሜናዊው የኬንያ ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ያለች የስዋሂሊ ከተማ ናት። ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች ስትሆን፣ ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጠባብ መንገዶቿ በዋናነት የሚተላለፉት እግረኛና አህያ ናቸው። ትልልቆቹ ቤቶች የተገነቡት በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው፤ ወለሉንና ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ነው። ክፍል ከእንጨቱ ርዝመት በላይ መስፋት ስለማይችል ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ሆነው አንዱ ከሌላው ኋላ ይደረደራሉ። በመንገዱ ዳር ከበሩ ፊት «ዳካ» የሚባል መግቢያ አለ፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ መደብ ነው። ጎረቤት፣ ነጋዴና መንገደኛ እዚያ ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። ወደ ውስጥ በተዘለቀ ቁጥር ስፍራው የቤተሰብ ብቻ እየሆነ ይሄዳል፤ ከመጨረሻዎቹ ክፍሎች በአንዱ ግድግዳው ከኖራ በተቀረጹ ትናንሽ መስኮት መሰል ጉድጓዶች ተሞልቶ ይታያል። ከጀርባ ያለው ክፍል አራስ የምትተኛበት፣ የሞተም የሚታጠብበት ነበር። ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ቤት ይሰጣታል፤ ወይም በነባሩ ላይ ፎቅ ይጨምርላታል። የዘመድ ቤት ከመንገዱ ማዶ ከሆነም በመንገዱ ላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ ክፍል ሁለቱን ቤቶች ያገናኛል።

የግንባታው አሠራር ራሱ ይመሰክራል። መደቡ ለመንገዱ፣ የኋላው ክፍል ለመወለድና ለመሞት፣ ፎቁ ገና ላልተወለደች የልጅ ልጅ የታሰበ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ሥራው ግን ከጅምሩ የብዙ ሰው ነው። ሰው ካልኖረበት ግንቡ ቢታደስም ሥራው ይቆማል። በሩ ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋ መደቡ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም፤ ሱቁ ደንበኛ ያጣል፤ በመስጊዱ የሚሰግደው ሰው ይሳሳል፤ አጠገቡ ያለች አሮጊት በሌሊት ብትጮህ የሚሰማ ጎረቤት የላትም። አንድ ቤት ሲዘጋ ጉዳቱ አይታይ ይሆናል። በመንደሩ ብዙው ቤት ሲዘጋ ግን ከተማው ቆሞ እያለ ሞቷል ማለት ነው።

ሻጮቹን በስግብግብነት መክሰስ ይቀላል፤ እውነቱ ግን ከዚያ የከበደ ነው። አባት ሲሞት በእስልምና የውርስ ሕግ ሚስትም ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ድርሻ አላቸው። ከሁለት ትውልድ በኋላ አንዱ ቤት የብዙ ወራሾች ይሆናል። ከወራሾቹም ከፊሉ በሞምባሳ፣ ከፊሉ በናይሮቢ፣ ከፊሉ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖራል። የባሕሩ እርጥበትና ጨው ደግሞ ፋታ አይሰጡም፤ ኖራው ይረግፋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ማንም ወራሽ ብቻውን ማደስ አይችልም፤ ለሌሎቹ ወራሾች ድርሻ ሲል የራሱን ኪስ ማራገፍም አይፈልግም። እንዲህ ባለ ጊዜ የውጭ ገዢ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አውሮፓውያን በላሙና በተለይ በአቅራቢያዋ ባለችው በሼላ መንደር ብዙ ቤት ገዝተዋል፤ ከፊሉ ሆቴል ሲሆን ከፊሉ ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚያርፍበት ሆኗል። እ.ኤ.አ. የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ፣ ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንዲይዝ ይደነግጋል፤ 99 ዓመት ግን የሦስት ትውልድ ዕድሜ ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያው ሥራ የጀመረው የላሙ ወደብ፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ከባሕር ያገናኛል ተብሎ የታቀደው መተላለፊያ መነሻ በመሆኑ፣ በአካባቢው ያለው የመሬት ጥማት ከእኛም አገር የወደብ ፍላጎት የተነጠለ አይደለም። ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ባለቤቱ ሲሸጥ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ማስረጃ «አባቶቼ የሠሩት ነው» የሚል ነው። ይህን ሐሳብ በፍልስፍና ካጠናከሩት አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ጆን ሎክ ነው፤ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰበት ነገር የራሱ ይሆናል ብሎ አስተምሯል። ላሙ ላይ ግን ይህ ማስረጃ ባለቤቱን ከመርዳት ይልቅ ይፈርድበታል። የታላላቆቹ ቤቶች ሀብት የመጣው ከባሕር ንግድና በማዶው የብስ ከነበሩ እርሻዎች ነው፤ እርሻውን ያለማው፣ ለቤቱም ድንጋይና ኖራ የተሸከመው ጉልበት በብዛት የባሪያ ጉልበት ነበር። በኬንያ ጠረፍ ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። እንግዲህ ጉልበት ባለቤት የሚያደርግ ከሆነ፣ ስማቸው በየትኛውም ውል ያልተጻፈ ሰዎች ልጆች ከወራሾቹ እኩል መቆም አለባቸው። ይህን የምለው የዛሬውን ባለቤት ቤቱን ለመቀማት አይደለም። ወደ ኋላ ቢመረመር እድፍ የሌለበት የባለቤትነት ሐረግ ከስንት አንድ ነው፤ ስለዚህ «የአባቶቼ ነው» የሚለው ቃል ቤቱን ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ቢሆንም፣ እንደ ፈለጉ ለመጣል በቂ ምክንያት አይሆንም።

ታዲያ መብቱ የቆመው በምን ላይ ነው? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ስለ ቤት ሽያጭ ከሚታሰበው በላይ በዝርዝር ይናገራል። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ መኖሪያ ቤት ከተሸጠ ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊቤዠው ይችላል፤ ዓመቱ ካለፈ ለገዢው ይጸናል፤ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻ ይቆጠራል፤ በኢዮቤልዩ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ይመለሳል። ሕጉ የከተማን ገበያ ያውቃል፤ መሸጥን አይከለክልም። ሆኖም ቤቱን እንደ ሌላ ሸቀጥ አላየውም። በችግር የሸጠ ሰው ተመልሶ ቤቱን የሚያድንበት ጊዜ ሰጠው። የሚያስደንቀው ግን ምክንያቱ ነው። ምድር ለዘለዓለም የማትሸጠው ሻጩ የአገሩ ተወላጅ ስለሆነ ነው አይልም። ምድር የእግዚአብሔር ስለሆነች፣ በላይዋ ያሉትም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ስለሆኑ ነው ይላል። ባለርስቱ ራሱ እንግዳ ተባለ። ቁርኣንም በበኩሉ ሰው በእጁ ያለውን ሀብት በተተኪነት እንደያዘው አድርጎ እንዲያይ ያስተምራል። ይህን የእኛ ሰው በማኅበር ጽዋ ያውቀዋል፤ ጽዋው ተራ የደረሰው ሰው ቤት ሲገባ የክብር ስፍራ ይሰጠዋል፣ በእጁም ነው፤ ግን ለተረኛው ሳያጎድል ሊያስረክብ የገባበት ቃል አለ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ነው። ሻጩ እንግዳ ከሆነ፣ ከእሱ የሚፈለገው ቤቱን ለዘመዱ ወይም ለወገኑ ብቻ እንዲያስቀር አይደለም፤ ለሚቀጥለው እንግዳ፣ ማለትም በእርግጥ ለሚኖርበት ሰው፣ በር ከፍቶ እንዲሄድ ነው። መለኪያው ትውልድ ሳይሆን መኖር ነው። የእስልምና ሕግ ለዚህ ግሩም መሣሪያ አስቀምጧል፤ ስሙ ሹፍዓ ነው። የጋራ ንብረት ካላቸው አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ሲሸጥ፣ ሸሪኩ ውጭው ሰው በሰጠው በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው፤ ሳይዘገይም መጠየቅ አለበት። ከእስልምና የሕግ ትምህርት ጎራዎች (መዝሀቦች) የሐነፊው ይህን መብት ለጎረቤትም ያሰፋዋል፤ በላሙ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ በሸሪክ ላይ ይወስነዋል። ብዙ ወራሽ የሚጋራው የላሙ ቤት ግን ሹፍዓ የታሰበለት ዓይነተኛ ጉዳይ ነው። የሕጉን ጥበብ ልብ በሉ። ሻጩን ከመሸጥ አይከለክለውም፤ ዋጋውን አይቀንስበትም፤ የሚለውጠው የጥያቄውን ተራ ነው። ቤቱን የሚጋራው ሸሪክ አስቀድሞ ይጠየቃል፣ ገበያው ኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ በድሃ ሻጭ ላይ ይወድቃል ይላል። ገንዘብ የሚሰጠው ገዢ ውጭ ያለው ነው፤ ጎረቤቱ ያንን ዋጋ ሊከፍል አይችልም። ልጁን ለማሳከም ወይም ለማስተማር የሚሸጥን ሰው «ለመንደሩ ስትል አትሽጥ» ማለት ሀብታም ለድሃ የሚሰብከው ጽድቅ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ችግረኛ ሻጭ ዋጋውን እንዲተው ማንም ሊያስገድደው አይገባም። በሐዋርያት ሥራ ጴጥሮስ ከሸጠው ርስት ዋጋ ከፊሉን የደበቀውን ሐናንያን የገሠጸው ስለ ውሸቱ ነው እንጂ ርስቱ ሳይሸጥም ሆነ ተሽጦ ገንዘቡ በእጁ እንደነበረ መስክሮለታል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ መሬትና ቤት የሚሸጡት ሰዎች ዋጋውን አምጥተው ለችግረኛ እንዲከፋፈል አድርገዋል፤ ሽያጩ የተመሰገነው የሚያኖረው ሰው ስለነበረ ነው። እንግዲህ ጎረቤት ብቻውን የውጩን ዋጋ መክፈል ካልቻለ ግዴታው ወደ ማኅበረሰቡ ይተላለፋል። መስጊዱ ለበጎ ሥራ በተለገሰ ንብረት (በዋቅፍ)፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙዳየ ምጽዋት፣ ዘመዱ በእቁብ ማዋጣት ይችላል። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ከሆነ፣ ለሚኖር ሰው ጣራ ለማትረፍ ገንዘብ ማሰባሰብ ከአቅሙ በላይ አይደለም። ማኅበረሰቡ ሳያዋጣ ድሃውን ሻጭ ብቻ የሚወቅስ ከሆነ፣ ተቃውሞው ያሸነፈው እኔን ሳይሆን ያንን ማኅበረሰብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተሞክሮ የሚነሣ ነው። የውጭ ገዢዎች ባይመጡ እነዚህ ቤቶች ፈርሰው ነበር ይላል። ይህም እውነትነት አለው፤ በላሙ ፈራርሰው የነበሩ ግንቦች የቆሙት፣ የኖራ ጥበብ የሚያውቁ ግንበኞችና የእንጨት ጠራቢዎችም ሥራ ያገኙት በእነሱ ገንዘብ ነው። ይህን መካድ ክፉ ምስጋና ቢስነት ነው። ግን ቤትን የሚያድነው ኖራና እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙዚየም ቤት ይበቃ ነበር። ገዢው ግንቡን ሲያድስ ሰውን ካስወጣ፣ ያተረፈው የቤቱን ገላ ነው። ከገዢው የሚጠየቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቢቻል ራሱ እንዲኖርበት፣ ካልኖረበትም የሚኖርበት ሰው በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲያስገባ፣ መደቡን ለመንገዱ እንዳይዘጋ ነው። እንዲህ ያደረገ የውጭ ሰው ካልኖረበት ተወላጅ ይልቅ የቤቱ ወራሽ ነው።

ይህ ቃል ሦስተኛውን ተቃውሞ ይጠራል፤ «ለሚኖርበት ይሸጥ» ማለት ነገ «ለእኛ ሰው ይሸጥ» ወደ ማለት አይዞርም ወይ? ሥጋቱ ተገቢ ነው። በየአገሩ የቤት ጥያቄ ወደ ጎሣ ጥያቄ ተለውጦ ደም አፍስሷል። በተለይ ለእኛ ነገሩ ጥንቃቄ ይሻል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በስቶክሆልም ወይም በሌላ ከተማ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሰው አገር የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ጎረቤቶቹ «የእኛ አይደለህም» ብለውት ቢሆን ኖሮ የት ይገባ ነበር? ለዚህ ነው የኦሪቱ ምክንያት የሚጠቅመን። ክልከላውን ያቆመው በተወላጅነት ላይ ሳይሆን ሁሉም እንግዳ በመሆኑ ላይ ስለሆነ፣ በእሱ ላይ የቆመ ሰው እንግዳን ሊያስወጣ አይችልም። የሚኖር፣ በመደቡ የሚቀመጥ፣ ልጁን በመንደሩ የሚያስተምር፣ ጎረቤቱን የሚቀብር ሁሉ የቤቱ ሰው ነው፤ ከየትም ይምጣ። በዚህ መለኪያ የሚወድቀው ቤቱን እንደ ወርቅ ቆልፎ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቅ ነው፤ የመንደሩ ተወላጅ ቢሆንም።

አራተኛው ተቃውሞ ከአምላክ ፈሪዎች ይመጣል፤ ቤት አላፊ ነው፣ ስለ ግንብ ይህን ያህል ማዘን የዓለም ፍቅር ነው ይላሉ። ከላሙ ብዙ በማትርቀው በፓቴ ደሴት የነበሩት ታላላቅ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰይድ ዐብደላ ቢን ዐሊ ቢን ናሲር «አል ኢንኪሻፊ» በተባለው የስዋሂሊ ቅኔው ፍርስራሹን አሳይቶ ነፍሱን የመከረው በዚህ መንፈስ ነው። ምክሩ እውነት ነው። ግን ለማን እንደሚነገር እንይ። ከቤት ፍቅር ራስህን አላቅቅ የሚለው ትምህርት የሚገባው ትልቁን ዋጋ ለሚያሳድድ ሻጭና በሦስት አገር ሦስት የተዘጋ ቤት ላለው ገዢ ነው። ቤት ለተወደደበትና ከመንደሩ ለተነቀለ ጎረቤት «ቤት አላፊ ነው» ብሎ መስበክ ትምህርቱን ገልብጦ መያዝ ነው። የቤትን አላፊነት የሚያውቅ ሰው ለሚቀጥለው ለመተው ከሌላው ይልቅ ይቀለዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ነገሩን ለሕግ እንተው ይላል። ሕግ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በእንግሊዝ ኮርንዎል የባሕር ዳርቻ የምትገኘው የሴንት አይቭስ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ የሚሠራ ቤት በቋሚነት ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሸጥ በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ። ውሳኔው የነባር ቤቶችን በር ስላልነካ የዕረፍት ቤት ፈላጊዎች ወደ አሮጌዎቹ ቤቶች ዞሩ። በእኛም አገር ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የአንድን ቤተሰብ መኖሪያ በአንድ ቤት ወሰነ። ዓላማው ሰው ቤት እንዲኖረው ነበር። ነገር ግን ባለቤቱን አውጥቶ ቢሮን ባለቤት ሲያደርግ፣ በየቀበሌው ያሉት ቤቶች ጣራቸው የሚጠግንላቸው አጥተው ከዓመት ዓመት ጎሰቆሉ። እንግዳ የነበረው ባለቤት ሲወጣ፣ እንግድነቱን ፈጽሞ የማያውቅ መንግሥት ገባበት። ሕግ ወሰን ያበጃል፤ የሻጩን ኅሊና ግን ሊተካ አይችልም።

ይህ ክርክር ለእኛ የሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ በተግባር ግን ቤት ይሸጣል፤ በቤቱም ዋጋ ውስጥ የቦታው ዋጋ ተደብቆ ይሸጣል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሏት ቤቶች፣ የጎንደርም አሮጌ ሠፈሮች ነገ ለሚመጣ ገዢ በር ሊከፍቱ ይችላሉ። የላሙ ነገር ለእኛ ማስጠንቀቂያም ትምህርትም የሚሆነው አሁን፣ ገና ሳይሸጥ ነው። ካህኑና ሼኹ የሠርግንና የቀብርን ሥርዓት እንደሚያስተምሩ የቤት ሽያጭን ሥርዓትም ቢያስተምሩ ከአምልኮ ውጭ ወደ ሆነ ነገር አልገቡም፤ ቅዱሳት መጻሕፍቱ ቀድመዋቸዋል። ሻጭ መጀመሪያ ወንድሙንና እኅቱን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ ቀጥሎም በቤቱ ሊኖር የሚሻውን ሁሉ ይጠይቅ፤ የሚገባውንም ዋጋ ይቀበል። ደላላውም ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ገዢውን «ትኖርበታለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚያፍርበት ሻጭ ካለ፣ መልሱን እያወቀ ሊሸጥ መሆኑን ራሱ ያውቃል።